በሳቢያን ይበልጥ አደገኛ የሆነውን መስቀለኛ መንገድ እንዴት እንለይ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በሰፈራችን መስቀለኛ መንገዶች ባጃጅና እግረኛ ደጋግመው ስለሚጋጩ ለከተማው አስተዳደር ማመልከቻ ልናስገባ ተስማምተናል፤ ሆኖም የትኛው ይቅደም ሲባል ሁሉም በየደጃፉ ያለውን ይጠቅሳል። ልጆቻችን በየዕለቱ የሚሻገሩት በመሆኑ በግምት መወሰን አንፈልግም። መለኪያው ምንድን ነው?

መልስ (የመንገድ መሐንዲስ)፦ የአደጋውን ብዛት ብቻ አትመልከቱ፤ በመጋጠሚያው ከሚያልፈው ተሽከርካሪ ጋር አነጻጽሩት። በቀን 20,000 ተሽከርካሪ በሚያልፍበት መጋጠሚያ በ3 ዓመት 12 አደጋ፣ 5,000 በሚያልፍበት ደግሞ 6 አደጋ ደረሰ እንበል። ለአንድ ሚሊዮን ተሽከርካሪ ሲሰላ የመጀመሪያው 0.55፣ ሁለተኛው 1.1 ገደማ ስለሚሆን፣ በቁጥር ያነሰው በስጋት እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ሞትና ከባድ ጉዳት ያስከተሉትን ግን ከንብረት ጉዳት ለይታችሁ መዝግቡ።

መልስ (ጡረተኛ የትራፊክ ፖሊስ)፦ ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚያሳስበኝ መዝገቡ ነው። ሁለት ባጃጆች ተጋጭተው መብራት ብቻ ከተሰበረ ሹፌሮቹ ተስማምተው ስለሚለያዩ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ አይደርስም፤ የደረሰውም ቦታው «ሳቢያን አካባቢ» ተብሎ ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ጥጉ ላይ ያለውን ባለሱቅ ጠይቁ፤ አስፋልቱ ላይ የፍሬን ጥቁር መስመር፣ የመብራት ስብርባሪና ተገጭቶ የተነቀለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ፈልጉ።

መልስ (የባጃጅ ሹፌር)፦ ቆጠራውን በቀትር አታድርጉ። በድሬ ሙቀት ሰው እኩለ ቀን ላይ ከቤት ስለማይወጣ መንገዱ ሰላም ይመስላል፤ ጭንቁ ጠዋት ተማሪ ሲወጣና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ባጃጆች ፀሐይ ሽሽት ጥጉ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተደርድረው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ደግሞ እይታ ይከለላል፤ ከኋላቸው ብቅ የሚለው ሕፃን ለሹፌር የሚታየው መንገዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ማቆሚያውን ከጥጉ ማራቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅምና በማመልከቻው ይካተት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ምንም መዝገብ የሌለው መጋጠሚያስ?

መልስ (የመንገድ መሐንዲስ)፦ ለጥቂት የተረፉትን ቁጠሩ፤ ማለትም ድንገት ፍሬን የያዘውን፣ መሪ የጠመዘዘውንና ወደ ኋላ የዘለለውን እግረኛ። በሁሉም መጋጠሚያዎች በተመሳሳይ ሰዓት ይቆጠር፤ አለዚያ ማወዳደር አይቻልም። ባለአራት አቅጣጫ መጋጠሚያ ተሽከርካሪዎች ሊጋጩባቸው የሚችሉ 32 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ባለአንድ መስመር አደባባይ ያለው 8 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ሰፊ ከሆነ አደባባይ እንዲሠራ ጠይቁ።