የእድራችን አጥር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ከእድሩ መጋዘን ጀርባ ያለው አጥር ከነቆርቆሮው ተጋድሟል። ቋሚዎቹ ከተተከሉ ገና ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። የኔ ረቂቅ፦ «አዲስ ባሕር ዛፍ ገዝተን እግሩን በሲሚንቶ እንድፈነው።»

አናጺው፦ ጋሼ፣ ያደረግነው እሱኑ እኮ ነው! ትናንት አንዱን ነቅዬ አየሁት። ታች የተቀበረው ጫፍ ደህና ነው። ላዩም ደህና ነው። የበሰበሰው አፈሩ አፍ ላይ ያለው ስንዝር ነው፤ ቢላዬን ሳስገባበት እንደ እንጀራ ተቀበለኝ። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል፣ ሁለቱን የሚያገኘው እዚያ ነው። ሲሚንቶው ደግሞ ከታች ስለተደፈነ እንደ ስኒ ውሃ ይዞ ቆየ። በዚያ ላይ አንድ ሰው የቡና ገለባ አስጠግቶ ከምሮበታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁሉንም ብረት እናድርግ እንዳትሉኝ። ካዝናው አይችልም።

ከላይኛው መንደር፦ አባቴ እግሩን በእሳት ለብልበው ነበር የሚተክሉት። የተቃጠለ ዘይትስ?

አናጺው፦ መለብለብ የሚያጠቁረው ላዩን ነው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ውሃው ይገባል። ብቻውን አልተማመንበትም።

እትዬ ከጎረቤት፦ ዘይቱንማ እርሱት። አጥሩ ሥር ጎመን አለኝ!

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ረቂቁን ቀይሬዋለሁ፦ «ባሕር ዛፉ ልጡ ተልጦ፣ ጥላ ሥር በደንብ ደርቆ ይተከል። ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ይግባ፣ ቋሚው በጠጠሩ ላይ ይቁም። ሲሚንቶው ዙሪያውን ብቻ ይሁን፣ ታቹ ክፍት ይቅር። የሲሚንቶው አናት ከአፈሩ ከፍ ብሎ ውሃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ተዳፋት ይሁን።»

አናጺው፦ ለማዕዘኖቹ የሐበሻ ጥድ ጨምርበት፣ ቀዩን ልቡን። ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። የበሩ ሁለት ቋሚዎች ግን የብረት እግር ይኑራቸው፤ እንጨቱ ከመሬት አንድ ጋት ከፍ ብሎ በብሎን ይታሰር።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሁለት ብቻ ከሆነ ይቻላል። ጥዱ ላይ ግን ዋጋ ጠይቁ፣ ከዚያ እናውራ።

ጸሐፊ፦ ጨምሬዋለሁ። «ጥድ፣ ዋጋው ሲታወቅ» ብያለሁ። ገለባውስ?

ከታችኛው መንደር፦ የኔ ነው። ቅዳሜ አነሳዋለሁ። አካፋ ያለው ያውሰኝ።