በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ክልከላ ይቆይ ወይስ ይላላ? የመሐንዲሶች ክርክር

የግድብ መሐንዲስ (አወያይ)፦
ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ደግፈን ወይም ተቃውመን ከመጻፋችን በፊት እያንዳንዳችን ሙያችንንና በጉዳዩ ውስጥ አብዝቶ የሚያጓጓንን ቴክኒካዊ ጥያቄ እናስቀድም። እኔ የግድብና የውሃ ሥራ መሐንዲስ ነኝ። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ውሃው የራሳችን ነው፤ ነዳጁ ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚጫን ነው። ስለዚህ ክልከላው ይቆይ እላለሁ። ሞግቱኝ።

መካኒካል መሐንዲስ፦
ሥራዬ የተሽከርካሪ ጥገናና ምርመራ ነው። የሚያጓጓኝ ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። በነዳጅ መኪና ይህ ጉልበት በፍሬንና በሞተር ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆንና ጥሩውን ድርሻ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሽቅቡ ላይም እንዲሁ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር ለማቃጠያ የሚሆን አየር አይፈልግም። ለተራራማ አገር ከዚህ የተሻለ መኪና አላውቅም።

ክልከላውን ግን እቃወማለሁ። ከሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ የምርመራ ሶፍትዌራቸው በቻይንኛ ነው፣ አምራቹ ካልፈቀደም አይከፈትም። 400 ቮልት ገደማ የያዘ ባትሪ ያለ ሥልጠናና ያለ መከላከያ ጓንት ሲፈታ አይቻለሁ። በዚህ ሰው ይሞታል። ደግሞስ መቱ ወይም ጂንካ የሚኖር ሰው መንገድ ላይ ባትሪው ቢያልቅበት የት ይሰካው?

የኃይል ማከፋፈያ መሐንዲስ፦
ኤሌክትሪካል መሐንዲስ ነኝ፤ የምሠራው በመካከለኛና ዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ላይ ነው። አወያያችን ግድቡን ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚወሰነው ግድቡ ላይ ሳይሆን የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ነው። እስቲ አብረን እናስላ።

አንድ መኪና በከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። መቶ ሺህ መኪና ቢኖር በቀን 600 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለ24 ሰዓት ሲካፈል በአማካይ 25 ሜጋዋት ነው። ይህ ከሕዳሴ አቅም ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ማመንጨቱ አያሳስበኝም።

አሁን ወደ ሰፈር እንውረድ። 15 ኪሎቮልት ተቀብሎ ለቤት የሚያድል 315 ኪሎቮልት አምፒር (በተግባር 300 ኪሎዋት ገደማ የሚሸከም) ትራንስፎርመር እንውሰድ። 7 ኪሎዋት የሚስቡ 40 ቻርጀሮች ማታ አንድ ላይ ቢሰኩ 280 ኪሎዋት ይሆናል፤ ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለምጣድ የሚተርፍ ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ስለዚህ አንድ ቻርጀር ሁለት ምጣድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ምጣድ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ተጋግሮበት የሚጠፋ መሆኑ ነው፤ መኪናው ግን ሁሉም ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ በየዕለቱ ይሰካል።

እኔን የሚያጓጓኝ ችግሩ በሽቦ ሳይሆን በሰዓት መፈታቱ ነው። 6 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት 7 ኪሎዋት ቻርጀር አያስፈልግም፤ 2 ኪሎዋት በሦስት ሰዓት ይሞላዋል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ቢሰካና መኪኖቹ ቢፈራረቁ ያው ትራንስፎርመር ይበቃል። ለዚህ የሌሊት ታሪፍና ሰዓት የሚለይ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ክልከላው ይቆይ፤ ታሪፉ ግን ከመኪናው መቅደም ነበረበት።

ሲቪል መሐንዲስ፦
በአጭሩ፦ እህታችን ስሌትሽ ግቢ ላለው ሰው ይሠራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ቆጣሪው ደረጃው ሥር ነው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ነው። ኬብል በመስኮት ማውረድ አደጋ ነው። በጋራ መኪና ማቆሚያው ላይ የራሱ መስመርና ቆጣሪ ያለው መሰኪያ ካልተተከለ የሌሊት ታሪፉ ለሀብታም ብቻ ይሆናል።

ኬሚካል መሐንዲስ፦
የባትሪ ቁሳቁስ ጥናት ላይ ነኝ። ብዙ ሰው «ባትሪው ይፈነዳል» ይላል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ኮባልት የለውም፣ ኒኬል ካለባቸው ዓይነቶች ይልቅም ሙቀት ይችላል። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ዕድሜ የተመቸ ነው፤ የሚያሰጋኝ የአፋር ሙቀት ነው። የሚያጓጓኝ ደግሞ የዚሁ ባትሪ ቮልቴጅ ከ20 እስከ 80 በመቶ በተሞላበት መካከል እምብዛም የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩ የቀረውን ኃይል በትክክል ማወቅ ይቸገራል፤ አልፎ አልፎ እስከ መቶ መሙላት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

አቋሜ ይህ ነው፦ ያገለገለ መኪና ሲገባ የባትሪው ቀሪ አቅም በጉምሩክ ተለክቶ ለገዢው በጽሑፍ ይሰጠው። አሁን ሰው የሚገዛው ቀለሙንና ዓመተ ምሕረቱን አይቶ ነው፤ ይህ ያናድደኛል።

ሶፍትዌር መሐንዲስ፣ ኦስሎ፦
የምኖረው ኖርዌይ ነው። እዚህም መብራቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ ንጽጽሩ ይጠቅማል። በአውሮፓውያን 2024 ከተሸጡ አዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት ኤሌክትሪክ ነበሩ። ይህ የመጣው በክልከላ አይደለም። ከአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪናን ከቀረጥ ነፃ አደረጉ፣ የነዳጁን ቀረጥ ከፍ አድርገው ያዙ፣ ቻርጅ ማድረጊያውን በየመንገዱ ዘረጉ። ሰው ራሱ መረጠ።

የግድብ መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ኖርዌይ ነዳጅ ሻጭ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የመጠበቅ አቅም ነበራት። እኛ ዶላር የለንም።

መካኒካል መሐንዲስ፦
ዶላሩ ከሆነ ጉዳዩ፣ ከምናስገባው ነዳጅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣውን የሚጠጣው ደግሞ የጭነት መኪናው ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ባቡር አለን። አንድ ኮንቴይነር ከከባድ መኪና ወደ ባቡር ሲዛወር የሚቆጠበው ነዳጅ አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ወራት የምትነዳበት ነው። ለምን ከትንሹ ጀመርን?

የኃይል ማከፋፈያ መሐንዲስ፦
ስለ ባቡሩ ከአንተ ጋር ነኝ። ቢሆንም ክልከላው ዛሬ ከተነሳ የሚገቡት የነዳጅ መኪኖች ለሃያ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያሉ፤ የሃያ ዓመት ነዳጅ ለመግዛት ፈረምን ማለት ነው። ለመቱና ለጂንካ በጊዜ የተገደበ ፈቃድ ይሰጥ ብትል እደግፍሃለሁ። ለአዲስ አበባ አልደግፍም።

መካኒካል መሐንዲስ፦
የጊዜ ገደቡን እቀበላለሁ። ገደቡ የሚያበቃው ግን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ሲተከልና በየከተማው የሠለጠነ ባለሙያ ሲኖር ይሁን። ሲቪሉ ባልደረባችን፣ ለኮንዶሚኒየሙ የጋራ መሰኪያ ንድፍ ካለህ እዚሁ አስቀምጠው፤ የኬብሉን ውፍረትና መከላከያውን እህታችን ትፈትሽልን።