ክርክር፦ ከርነሉ የየኮምፓይለሩን ጠባይ በማክሮ ይሸከም?

ጥቁር መስኮት፦
የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ለረጅም ዘመን በዋናነት በጂሲሲ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚለውጥ ፕሮግራም) ነበር የሚገነባው። ዛሬ ክላንግ በተባለ ሌላ ኮምፓይለርም ይገነባል። ሁለቱ በማይስማሙበት ቦታ ሁሉ ማክሮ (በሌላ ኮድ የሚተካ አጭር ስም) እየተጻፈ ልዩነታቸው ሌሎች ፋይሎች በጋራ በሚያነቧቸው ሄደር ፋይሎች ውስጥ ተሸፍኖ ይኖራል። እኔ ይህን አልቀበልም። የኮምፓይለር ጉድለት የኮምፓይለር ሠሪዎች ዕዳ ነው፤ ከርነሉ ምን በወጣው ይከፍላል? ኮዱን መገንባት የሚፈልግ ኮዱን እንዳለ ይቀበል፤ ያልቻለ ራሱን ያስተካክል። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በማስረጃ ሞግቱኝ።

ድራይቨር ጸሐፊ፦
ወዳጄ፣ «ኮዱን እንዳለ» የምትለው በየትኛው ሲ (ከርነሉ በሚጻፍበት ቋንቋ) የተጻፈውን ነው? ከርነሉ በመደበኛው ሲ ብቻ ተጽፎ አያውቅም፤ ከመነሻው በጂሲሲ ቅጥያዎች የተሞላ ነው። እኔ ድራይቨር (ሃርድዌርን የሚያሠራ ኮድ) ስጽፍ አንድ ሁኔታ እምብዛም እንደማያጋጥም ለኮምፓይለሩ ለመንገር «አንላይክሊ» ብዬ አልፋለሁ። ከጀርባው ያለው «ቢልትኢን ኤክስፔክት» የተባለው የጂሲሲ ቃል ነው፤ እሱን ግን በእጄ ጽፌው አላውቅም። ነገ ቃሉ ቢለወጥ የሚነካው አንድ መስመር ነው። ማክሮው ቢቀር በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ማን ሊያርም ነው? አንተ?

ጥቁር መስኮት፦
ለቃል መጠሪያ የሚሆን ማክሮን ማን ተቃወመ? እኔ የምለው «ክላንግ ከሆነ ይህን፣ ጂሲሲ ከሆነ ያንን» የሚለውን ነው።

ሰነፍ አራሚ፦
እዚህ ላይ በ2018 የሆነውን ላስታውሳችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ክላንግም ሆነ የኢንቴሉ ኮምፓይለር ጂሲሲን የሚያስታውቁትን ምልክቶች ራሳቸው ያውጃሉ። ለጂሲሲ ብቻ ታስቦ የተጻፈ ኮድ እንዲያልፍላቸው ብለው ነው። ክላንግ «እኔ ጂሲሲ 4.2.1 ነኝ» ይላል፤ የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ በር ላይ እንደሚሰለፍ እንግዳ ማለት ነው። በዚያ ላይ የክላንግ ሄደር የሚነበበው የጂሲሲው ሄደር ከተነበበ በኋላ ነበር፤ የማይስማማውን እየሻረ ያልፋል። ለዓመታት ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ በዚያው ዓመት ነሐሴ ከርነሉ የሚቀበለው ዝቅተኛ ጂሲሲ ከ3.2 ወደ 4.6 ከፍ አለ። የጂሲሲው ሄደር ከ4.6 በታች የሆነውን ሁሉ «ኮምፓይለርህ አርጅቷል» ብሎ እንዲመልስ ተደረገ። ክላንግ ያሳየው መታወቂያ 4.2.1 ነውና በሩ ተዘጋበት! አዲስ ኮምፓይለር በእርጅና ተባረረ። መፍትሔው ሄደሮቹን መነጣጠል ሆነ፤ ክላንግ የራሱን ብቻ፣ ጂሲሲም የራሱን ብቻ እንዲያነብ።

እንግዲህ ጥፋቱ ማክሮ መኖሩ አይደለም፤ ማክሮው የጠየቀው ጥያቄ ነው። «ማነህ? ዕድሜህስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ውሸት ተመለሰላቸው። «ይህን ማድረግ ትችላለህ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ውሸት የሚባል ነገር ባልመጣ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የባሕርያት (አትሪቢዩት፣ በኮድ ላይ ለኮምፓይለሩ የሚጻፉ ተጨማሪ መመሪያዎች) ሄደር ተለይቶ ሲጻፍ የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ «ሃዝ አትሪቢዩት» በሚባለው መጠይቅ ኮምፓይለሩን ስለ ችሎታው ይጠይቀዋል እንጂ ስሙን አይጠይቅም።

አንጋፋው፦
ልጄ፣ በአነጋገርህ ተስማምቼ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ዘለልህ። ችሎታ ይጠየቃል። ስህተት ግን እንዴት ይጠየቃል? «ኮዴን በስውር ታበላሻለህ ወይ?» ብለህ ስትጠይቀው «አዎ» የሚል ኮምፓይለር አይተህ ታውቃለህ?

«ኤኤስኤም ጎቱ» የሚባለውን ውሰድ። በሲ ውስጥ የተጻፈ አሴምብሊ (ለማሽኑ ቅርብ የሆነ ቋንቋ) በቀጥታ ስም ወደተሰጠው የሲ ኮድ ቦታ እንዲዘል የሚፈቅድ ነው። በ2013 ጂሲሲ በዚህ ላይ የተሳሳተ ኮድ ሲያወጣ ተያዘ። የተጻፈው ማክሮ ከዝላዩ በኋላ ባዶ የአሴምብሊ መግለጫ የሚጨምር ነበር፤ ሌላ ምንም የለውም። ማክሮው እስከ 4.8.1 ላሉት ስሪቶች ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ፤ 4.8.2 ታርሟል ተብሎ ነበርና። በ2014 መጀመሪያ ላይ ግን በዚያው በ4.8.2 የገነባ ሰው ቨርቹዋል ማሽኖቹ (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) ሲዘጉ የያዙት ማህደረ ትውስታ እንደማይለቀቅ አየ። ማክሮው በእርሱም ኮምፓይለር ላይ እንዲሠራ ሲያደርገው ችግሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የስሪት ገደቡ ተነሥቶ ማክሮው በሁሉም ላይ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። እነዚያ አሮጌ ጂሲሲዎች ከድጋፍ ሲወጡ የማክሮው ውስጥ ባዶ ተደረገ፤ ስሙ ግን በየኮዱ እንደተበተነ ቀረ። በየካቲት 2024 ውጤት የሚመልሰው የ«ኤኤስኤም ጎቱ» ዓይነት ላይ ተመሳሳይ ስህተት ብቅ አለ። መድኃኒቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ያው የጥንቱ ባዶ መግለጫ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ ማክሮውን ስሙን ለውጦ ለዚያ ዓይነት ብቻ ወሰነው፤ የቀሩት ቦታዎች ወደ ተራው «ኤኤስኤም ጎቱ» ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ ጂሲሲዎች ስህተቱን ሲያርሙ መከላከያው በታመሙት ስሪቶች ብቻ እንዲወሰን ተደረገ። በስሪት ቁጥር ነው! ሌላ መንገድ አልነበረማ።

ጥቁር መስኮት፦
ጋሼ፣ ይህ ታሪክ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ማክሮ በየኮዱ ተበትኖ ለዓመታት ኖረ ነው የሚሉኝ። አዲስ የሚገባ ሰው ያን ስም ሲያይ ምን ይረዳል? ደግሞ ስለ «ኤኤስኤም ጎቱ» ካነሡ ግማሹን አይተዉት። በ2018 የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ዓይነት) ከርነል «ኤኤስኤም ጎቱ የማይችል አልቀበልም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ክላንግ አይችልም ነበር። ምን ሆነ? በ2019 የወጣው ክላንግ 9 ቻለ! ማክሮ እየተሠራለት ቢታለፍ ኖሮ ዛሬም «ነገ» እያለን ይኖር ነበር።

አንጋፋው፦
ቻለ፤ እስኪችል ግን በክላንግ ኤክስ86ን የሚገነቡ ሰዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ለአንተ ቀላል ነው። ጎግል በ2017 ፒክስል 2 ስልኩን በክላንግ በተገነባ ከርነል አውጥቶ ነበር፤ ያ ስልክ የአርም ፕሮሰሰር ስለነበረው እንጂ ይኸው ውሳኔ እዚያም ቢደርስ ኖሮ ክርክሩ እንዲህ በቀላሉ ባልታለፈ።

የሲ ተማሪ፦
ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። ሁልጊዜ ምርጫው ማክሮ ወይም ግትርነት ብቻ ነው? በመዋቅር (ስትራክት) ውስጥ የሚገባውን ርዝመቱ ተለዋዋጭ ድርድር (አሬይ) ክላንግ «አልደግፍም» ሲል ለክላንግ ተብሎ ማክሮ አልተጻፈም፤ ኮዱ ራሱ ተለወጠ። ተለዋዋጭ ድርድሮችም በ2018 ከከርነሉ በሙሉ ወጡ፤ ለስታክ (ፕሮግራም ሲሠራ ጊዜያዊ መረጃ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ደኅንነትም የሚመከር ነበር። አንዳንድ ልዩነት እኮ የእኛን ኮድ መጥፎነት የሚያጋልጥ ነው።

ድራይቨር ጸሐፊ፦
እህቴ፣ ከሁላችንም የተሻለውን ተናገርሽ። እኔ ደግሞ «ፎልስሩ»ን ልጨምርልሽ። በ«ስዊች» (ከበርካታ ጉዳዮች አንዱን በሚመርጥ ኮድ) ውስጥ ሆን ብለን ወደሚቀጥለው ጉዳይ ስናልፍ አስተያየት (ኮሜንት) እንጽፍ ነበር። ጂሲሲ አስተያየቱን አንብቦ ማስጠንቀቂያውን ይተዋል፤ ክላንግ ግን አስተያየት አያነብም። በ2019 ለዚህ የሚሆን ማክሮ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አስተያየቶቹ እየተነሡ በእርሱ ተተኩ። ኮዱ ከቀድሞው ይልቅ ግልጽ ሆነ። ይህን ማክሮ ማን ይጠላዋል?

ጥቁር መስኮት፦
እሱን እኔም አልጠላውም። ለኢንቴሉ ኮምፓይለር የተጻፉትስ? በ2023 ድጋፉ ከከርነሉ እስኪወጣ ድረስ ማን ይፈትናቸው ነበር? ማንም የማይገነባበት ቅርንጫፍ ይሠራ አይሠራ አይታወቅም።

ሰነፍ አራሚ፦
እንግዲያው ክርክሩ ስለ ማክሮ መሆኑ ቀርቶ ስለ ጽዳት ሆነ። ጽዳቱም ይሠራል፤ ዝቅተኛው ጂሲሲ በ2021 ወደ 5.1፣ በ2025 ወደ 8.1 ከፍ ሲል የአሮጌዎቹ መጠጊያ የነበረው ኮድ አብሮ የሚነሣበት ዕድል ተገኘ። ጋሼ ስለ ስህተት ያሉትን ግን እቀበላለሁ፤ ስህተትን መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ለስህተት የሚጻፍ ማክሮ ከጎኑ የስህተቱ መዝገብ ቁጥርና የታመሙት ስሪቶች ይጻፉበት። ያለ እነዚህ የመጣ ማስተካከያ ሲቀርብልኝ እመልሰዋለሁ።

ጥቁር መስኮት፦
መልስ። እኔ ግን ቁጥሩ ተጽፎበትም ቢመጣ «መጀመሪያ ለኮምፓይለሩ ሠሪዎች አሳውቀሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ካላሳወቀ አላስገባውም።

አንጋፋው፦
ይህንንስ እኔም እፈርምበታለሁ።