«ማለብ ለላም ነው» ለተባልኩት መልስ

ሰባተኛ ወር፦
ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቤቴ ኮዬ ፈጬ፣ ሥራዬ መገናኛ፤ የጡት ፓምፕ በእጅ የሚሠራው ይሻለኛል ወይስ የኤሌክትሪኩ አልኩ። የመጣልኝ መልስ አንድ ነው። «ማለብ ለላም ነው። አንቺ ልጅሽን አጥቢ። ደግሞስ ላልተወለደ ልጅ ዕቃ መግዛት ምን የሚሉት ሟርት ነው?» አሥራ አራት ላይክ አግኝቷል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ላይክ ያደረጋችሁ እስቲ ውጡና አስረዱኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ነው የምገባው። በዚያ መሃል ማንን ላጥባ፣ የታክሲውን ረዳት?

የአምስት እናት፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። አምስት ወልጄ አምስቱንም በጡቴ አሳድጌአለሁ። ላም ስትታለብ አይቻለሁ፣ ሰው ሲታለብ ግን አላየሁም። ለክፋት አይደለም ልጄ። ወተት የሚመጣው ልጅ ሲጠባ ነው።

የጎሮ መስመር፦
እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ልጆች ሲያሳድጉ ቤት ነበሩ?

የአምስት እናት፦
ጉሊት ነበርኩ። ልጄን ታቅፌ ሽንኩርት እሸጥ ነበር።

የጎሮ መስመር፦
እና እኔ ልጄን ታቅፌ ካሸር ልሁን?

የአምስት እናት፦
ምን ነውር አለው?

ነርስ ነኝ፦
እማማ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ጡት የሚያመርተው ከውስጡ በወጣለት ልክ ነው። ልጁ ካልጠባውና ካልታለበ «አልተፈለገም» ብሎ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሥራ የምትገባ እናት ልጁ ሊጠባ በነበረበት ሰዓት ማውጣት ያለባት። በባዶ እጅም ይወጣል፣ በማሽንም። እንገርን እንዲያውም እጅ ነው ደህና አድርጎ የሚያወጣው፤ ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አንድ ነገር ግን አደራ። ሳትወልጂ ማሽኑን እንዳትሞክሪው። ጡት ሲነካካ ማህፀን ሊኮማተር ይችላል። ብትገዢም ከነካርቶኑ ይቀመጥ።

የአምስት እናት፦
ይኸው! ነርሷም «ካልታለበ» አለች።

ነርስ ነኝ፦
ታዲያ በአማርኛ ምን ልበለው እማማ?

የገላኑ መምህር፦
ፍየልም ትታለባለች፣ ግመልም ትታለባለች። ቃሉ የላም ርስት አይደለም።

የአምስት እናት፦
አንተ ደግሞ ከየት መጣህ? የወንድ ወሬ ነው እንዴ ይሄ?

የመጀመሪያ አባት፦
የወንድም ነው እንጂ። ፓምፑን የምገዛው እኔ፣ ማታ የማጥበው እኔ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለአባት የሰጠው ግን 3 ቀን ነው።

የጎሮ መስመር፦
በሦስቱ ቀን ምን ሠራህበት ታዲያ?

የመጀመሪያ አባት፦
ሁለቱን ስልክ ሳነሳ ዋልኩ። እንኳን ማርያም ማረቻት የሚለው ሰው ብዛቱ!

ሰባተኛ ወር፦
ወሬው አባት ጋ ሄደ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ላሟ ነው። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠኝ 90 የሥራ ቀን ነው። ክትትል በሄድኩ ቁጥር የሚነገረኝ ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም ሳይቀር እንዳትሰጪ ነው። እሺ። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ስድስተኛው ወር እስኪሞላ ያለውን ማን ይሸፍነው? እማማ ጉሊት ይወስዱልኛል?

የአምስት እናት፦
አትቀልጂ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማሽን በገዛችሁ ቁጥር ፈቃድ ይጨመርልን ማለት ትተዋላችሁ። አሠሪው ምን ቸገረው? «ፓምፕ አለሽ አይደል?» ይላታል። እናትን ከልጇ ለይቶ ወተቷን በጠርሙስ መላክ፣ ይሄ ነው ለላም ነው ያልኩት። ጥጃዋን አስረው ነው የሚያልቧት።

ዝም ባይ፦
እማማ ይቺን ትናንት ቢጽፏት ኖሮ እኔም ላይክ አደርግ ነበር።

የጎሮ መስመር፦
ጥጃ ተብሎ ተሰደበ ልጄ። ቆይ እኔ ልንገራችሁ እንዴት እንደሆነ። ወተት የማወጣው መሥሪያ ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ቁልፍ የለውም። የወረቀት ካርቶን ገፍቼ በሩ ላይ አስጠጋና እሱ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ የሚገፋ ካለ በጀርባዬ ይሰማኛል። ነጠላዬን ከላይ ጣል አደርጋለሁ። ሞተሩ ጭው ጭው ይላል። አንድ ቀን የጽዳቷ ልጅ ሰምታ አይጥ መስሏት መጥረጊያ ይዛ መጣች። 20 ደቂቃ ነው በቃ። ከዚያ ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ከሰው ምሳ ዕቃ ኋላ እሸጉጠዋለሁ። ለምን እንደምሸጉጠው ታውቃላችሁ፣ የሰው ዓይን አለ። ማታ በረዶ የሠራ ሃይላንድ ጎኑ አድርጌ በጋዜጣ እጠቀልለዋለሁ። ጎሮ ላይ መንገዱ ቢዘጋጋም እንደቀዘቀዘ ቤት ይገባል። ልጄ ስድስት ወር እስኪሞላት የዱቄት ወተት አልቀመሰችም። አሁን እኔ ላም ነኝ?

የአምስት እናት፦
ላም አላልኩሽም። ካርቶን ላይ ያስቀመጠሽን ነው የምለው። ልጄ ጭኔ ላይ ነበር የሚጠባው፣ በር የምይዝበት ካርቶን አልፈለግኩም።

ሲቪል ሰርቫንት፦
የመንግሥት ሠራተኛ ለሆናችሁ፣ በ2010 የወጣው አዋጅ 1064 መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ያቋቁም ብሎ ነበር። የኛ አቋቁሟል። አሁን የፋይል መደርደሪያ ገብቶበታል።

የጎሮ መስመር፦
😂 ፋይሎቹ ይጠባሉ ማለት ነው።

ሣሪስ ሱቅ፦
እህቶቼ፣ ለሚፈልግ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ። አንድ እናት ናት የተጠቀመችበት፣ ንጹሕ ነው። በውስጥ መስመር።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ወተት ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚከለክል ላስቲክ አለው? ከሌለው ውስጡ የገባው በማጠብ አይወጣም። ያን ዓይነት ለሁለተኛ ሰው አይሸጥም።

ሣሪስ ሱቅ፦
በአልኮል አጽድቼዋለሁ።

ነርስ ነኝ፦
ሞተሩን ፈትተህ ነው ያጸዳኸው?

ሣሪስ ሱቅ፦
እንጀራችንን ባትዘጉብን ጥሩ ነው።

ሰባተኛ ወር፦
ነርስ፣ አክስቴ ከአሜሪካ ልላክልሽ ብላለች። እዚያ 110 ቮልት ነው ይላሉ።

ነርስ ነኝ፦
ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። 100-240 የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃሻል። 110 ወይም 120 ብቻ ከሆነ ግን 220 ላይ የሰካሽው ቀን አበቃለት።

የመጀመሪያ አባት፦
የኛ እንደዚያ ነው የሄደው። አንዴ ጷ! ብሎ ጭስ። ለሚስቴ ገና አልነገርኳትም።

የጎሮ መስመር፦
ሚስትህ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ናት እኮ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
የኤሌክትሪክ የምትሉ፣ መብራት ያለው የት ሰፈር ነው? ባለፈው ሳምንት ሁለት ማታ ጨለማ ውስጥ ነበርን። ጡቴ ድንጋይ ሆኖ ሞባይል አብርቼ በእጄ አወጣሁ። የምትገዢ ከሆነ ባትሪ ያለው ይሁን፣ ካልሆነ በእጅ የሚጨመቀው ይሻልሻል። እሱ መብራትም አይል፣ ቮልትም አይል።

የጎሮ መስመር፦
በእጅ የሚጨመቀው ለአንድ ሰሞን ነው። በቀን ሦስቴ ለወራት ስትጨምቂ ክንድሽ ይዝላል። ሁለቱን ጡት አንዴ የሚያወጣው ባይኖር እኔ ሥራዬን ለቅቄ ነበር።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
አንቺ ደሞዝሽ ያስችልሽ ይሆናል። ለኔ የወር ደሞዝ ነው።

የጎሮ መስመር፦
የዱቄት ወተት ቆርቆሮስ በነፃ ነው?

ነርስ ነኝ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ከዋጋው በፊት ግን ጡት ላይ የሚገጠመውን ቀፎ እዩ። ብዙው 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለሁሉ ሴት አይሆንም። ካልተመጠነ ያቆስላል፣ ወተቱም አይወጣም፤ ከዚያ «ወተት የለኝም» ይባላል። የጡት ጫፍ በእርግዝና መጠኑ ስለሚለወጥ ልኩን ከወለድሽ በኋላ በማስመሪያ ውሰጂ።

የአምስት እናት፦
እና ከወለደች በኋላ ትግዛ አልልሽም? እኔ ሟርት ያልኩት ምን ሆነና?

ነርስ ነኝ፦
እማማ ቀፎውን ነው ያልኩት፣ ማሽኑን አይደለም።

የአምስት እናት፦
ቀፎው ከሌለ ማሽኑ ምን ይሠራል? ለሆድ ልጅ ዕቃ አይገዛም ሲባል ዝም ብሎ አይደለም። ልጁ በሰላም ይምጣ፣ ዕቃው ይደርሳል።

ሰባተኛ ወር፦
ማን ያደርስልኛል? በአራስ ቤቴ መርካቶ ልውረድ?

የአምስት እናት፦
ባልሽ ምን ይሠራል?

ሰባተኛ ወር፦
ባሌ ፊልድ ነው፣ በወር ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ትናንትም ጽፌው ነበር፣ «ላም» ስትባባሉ አላነበባችሁትም።

ዝም ባይ፦
ላም የሚለውን ቃል ለአንድ ቀን ከግሩፑ እናግደው?

የገላኑ መምህር፦
የላም ሥጋ የሚሸጥ ሰው አለ እዚህ፣ እሱን ትጎዱታላችሁ።

ሰባተኛ ወር፦
ይኸው ጠዋት የጀመርነው መሸ። በእጅ የሚሠራው ወይስ የኤሌክትሪኩ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
በእጅ።

የጎሮ መስመር፦
ኤሌክትሪክ፣ ባትሪ ያለው።

የአምስት እናት፦
ጡትሽ።

የመጀመሪያ አባት፦
ወገን፣ የኛ ብሎክ ውሃ መጥቷል! አይቆይም፣ ቶሎ ቅዱ።

የጎሮ መስመር፦
በሉ ቻው፣ ጠርሙስ ሳላጥብ ነው የዋልኩት።