«የስደተኛ ሰፈር» የተባለው ድምፅ የማን ነው?

ሰሎሜ (ሜልበርን)፦ ትናንት ከሥራ ስመለስ በሬዲዮ አንድ ተንታኝ ስለ እ.ኤ.አ. 2017ቱ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የፖስታ ድምፅ ሲናገር «አውስትራሊያ በሙሉ አዎ ስትል አይ ያለው የስደተኛ ሰፈር ብቻ ነው» አለ። መኪናዬን ዳር አቁሜ እስኪጨርስ ሰማሁት፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ከ150 የምርጫ ክልሎች አይ ያሉት 17 ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ማራኖዋና ኬኔዲ የኩዊንስላንድ የከብት አርቢ አገር ናቸው። እዚያ አይ ያለው የትኛው ስደተኛ ነው?

ደረጄ (ሲድኒ)፦ እህቴ ሰሎሜ፣ አይ ባሉት ሦስት የኩዊንስላንድ ክልሎች የእኛን አሥራ ሁለት አትሸፍኚ። አሥራ ሁለቱም ሲድኒ ውስጥ ናቸው፣ አብዛኞቹም በምዕራቡ በኩል። ብላክስላንድ 73.9 በመቶ፣ ዋትሰን 69.6 በመቶ አይ ብለዋል። እኔ የምኖረው እዚያ ነው፤ ጎረቤቶቼ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ናቸው፣ ብዙዎቹም እንደ እምነታቸው ድምፅ ሰጡ። እኔም አይ ብያለሁ፤ አላፍርበትም። ሰውየው ያየውን ተናገረ እንጂ ማንንም አልሰደበም።

ሰሎሜ፦ ወንድሜ ደረጄ፣ እፈር አላልኩህም። የያዝኩት ቃሉን ነው። «ስደተኛ» ማለት ምን ማለት ነው? ፖስታው የተላከው በመራጮች መዝገብ ላይ ላለ ዜጋ ብቻ ነበር። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይዛ ለዓመታት ግብር ስትከፍል የኖረችው አክስቴ ፖስታ አልደረሳትም። ስለዚህ አንተ ድምፅህን የሰጠኸው እንደ አውስትራሊያዊ ነው። የማራኖዋው ገበሬ አይ ሲል ወግ አጥባቂ ይባላል፤ አንተ አይ ስትል ስደተኛ ትባላለህ። ይህ አይቆጭህም?

መምህር ጌታሁን (ካንቤራ)፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ድምፁን ያካሄደው የስታቲስቲክስ ቢሮ ውጤቱን ያወጣው በአገር፣ በግዛትና በምርጫ ክልል ብቻ ነው፤ ስለ ተሳታፊዎቹ የዘረዘረውም ዕድሜንና ጾታን እንጂ ማን የት እንደ ተወለደ ወይም ምን እንደሚያምን አይደለም። በብላክስላንድ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች አዎ ብለዋል። እነማን እንደ ሆኑ ማን ያውቃል? አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና ፖስታው ሲደርሳቸው ልጄ ጥያቄውን በአማርኛ አነበበችላቸው፤ ወረቀቱ ላይ የነበሩት ሁለት ሳጥኖች ናቸው። እሳቸው ወረቀቱን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ፣ ምልክታቸውን አደረጉ፣ ፖስታውን ራሳቸው አሽገው አወጡት፤ እስኪያርፉም ድረስ የቱን እንደ መረጡ ለማናችንም አልነገሩንም። እኔ አብሬያቸው እየኖርኩ ያላወቅሁትን የሬዲዮው ሰው ከየት አወቀው?

ደረጄ፦ መምህር፣ የእርስዎን ነገር ከልቤ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከመቶ ሰባ አራት የሚጠጋ ሰው ያለ ምክንያት አንድ ወገን አይቆምም። ድምፁ ምስጢር ነው ብለን ከተውነው ምክንያቱን የሚሰማን ማን ነው? እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ታኅሣሥ ወር ላይ ሕጉ በታችኛው ምክር ቤት ሲጸድቅ አይ ያሉት አራት አባላት ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ የማራኖዋው ዴቪድ ሊትልፕራውድ፣ አንዱ የኬኔዲው ቦብ ካተር ነበሩ። ገበሬዎቹ ተወካይ ነበራቸው፤ የዋትሰን ሰው ግን ተወካዩ ቶኒ በርክ ከእሱ በተቃራኒ ቆመበት።

ሰሎሜ፦ እንግዲያው የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦትንስ ምን ትላለህ? ክልሉ ዋሪንጋ 75 በመቶ አዎ ብሎ ሳለ እሱ በአይ ወገን ሲቀሰቅስ ቆይቶ የድምፁ ሰዓት ሲደርስ ከአዳራሹ ወጣ። የሕዝቡን ቃል መከተል ግዴታ ከሆነ ለሁሉም ግዴታ ይሁን። ደግሞም ጥያቄው የተጠየቀው አገር አቀፍ ሆኖ ነው፤ 61.6 በመቶው የመላው አገር መልስ ነው።

ደረጄ፦ በአቦትም አዝኛለሁ፤ መራጮቹን ጥሏል። አገር አቀፍ ነው ካልሽ ግን ለምን በክልል ተቆጥሮ ወጣ? በክልል ቆጥረው ካወጡት በኋላ እኛን ብቻ በጣት ማሳየት ምን ይባላል?

ሰሎሜ፦ እኔስ ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ አይደለም እንዴ!

ትርሲት (ፉትስክሬይ፣ ሜልበርን)፦ ከሥራ ወጥቼ አሁን ነው ያነበብኩት። ያኔ የእኛ ክልል የነበረው ጌሊብራንድ አዎ ብሏል። የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ የቬትናሞቹ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ ሁሉም እዚሁ ነው። ስደተኛ መሆን አይ የሚያሰኝ ከሆነ የእኛ ውጤት ከየት መጣ? «የስደተኛ ሰፈር አዎ አለ» ብሎ የዘገበ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ደረጄ፦ እህቴ ትርሲት፣ ፉትስክሬይ እንደ እኛ ሰፈር ባንክስታውን አይደለም። እናንተ ዘንድ የቤት ኪራይ ከጨመረ ወዲህ ስንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ስንት የቢሮ ሠራተኛ እንደ ገባ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ትርሲት፦ አውቃለሁ። እኔም ከእነሱ አንዷ አይደለሁም፤ ሐያ ዓመት እዚሁ ነኝ፣ አዎ ያልኩትም እኔው ነኝ። የእኔን ድምፅ ለተከራዮቹ አትስጥብኝ።