ግልገል አባይ ላይ ደኑ ጨመረ እያለኝ ነው፤ ምኑን ነው ያበላሸሁት?

የሰከላ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርስ ቴሲስ ላይ ነኝ፣ ጊዜዬ እያለቀ ነው፣ ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

ግልገል አባይ ተፋሰስ ላይ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ እየሠራሁ ነው። የ1986፣ የ2000 እና የ2023 የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ወሰድኩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሁሉም የጥርና የየካቲት ናቸው፣ ደመና የለባቸውም። ጉግል ኧርዝ ኢንጅን (የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት የሚተነተንበት) ላይ፣ በራንደም ፎረስት («የዘፈቀደ ደን» በሚባለው የኮምፒውተር መከፋፈያ ስልት) ደን፣ እርሻ እያልኩ ከፋፈልኳቸው። አዎ አውቃለሁ፣ ደን የሆነው ስሙ ብቻ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከ1986 እስከ 2000 ደኑ ይቀንሳል፣ እሺ፣ የሚጠበቅ ነው። ከ2000 እስከ 2023 ግን ይጨምራል። ትንሽም አይደለም፣ በጣም ነው የሚጨምረው። አማካሪዬ አይቶ ሳቀና «ይሄን ደን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። እኔም መልስ የለኝም። ልጅ ሆኜ እንጨት የለቀምኩበት ጫካ ዛሬ ድንች ነው የበቀለበት፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ዓለም አቀፉ የሀንሰን የደን ካርታም አካባቢውን በቀይ ነጠብጣብ ሞልቶታል፣ ቀይ ማለት ደግሞ የጠፋ ማለት ነው። ክላሲፊኬሽኑን ስንት ጊዜ እንደደገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው፣ ትክክለኛነቱ ሁልጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ነው፣ ውጤቱም ያው። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

ፒክስል_ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ የሳትከው ኮዱ ላይ አይደለም። «ደን» የምትለው አንድ ክፍል ውስጥ ምን ምን ነው ያስገባኸው? ጥድና ወይራውን፣ ባሕር ዛፉን እና ዲከረንሱን (ለከሰል የሚተከለውን የውጭ ግራር) አንድ ላይ ከጨመርክ፣ አዎ፣ ጨምሯል። ሳተላይቱ አልዋሸህም። በየካቲት ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የቀረውን ነው ያሳየህ።

ይሄ አንተ ላይ የተጀመረ ነገር አይደለም። ጎጃም ውስጥ ሁለት የታወቁ ጥናቶች አሉ፣ ሁለቱም በ1957 ከአውሮፕላን ከተነሱ ፎቶዎች ነው የሚጀምሩት። ደምበጫ አካባቢ የተሠራው የተፈጥሮ ደኑን ለብቻው ለየው። በ1957 ከአካባቢው 27 በመቶ ነበር፣ በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ፣ በ1995 0.3 በመቶ ቀረ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ጨሞጋ ተፋሰስ ላይ የተሠራው ደግሞ ከ1957 እስከ 1998 ድረስ የደን ሽፋኑ በመጠኑ ጨመረ አለ፣ ምክንያቱም ገበሬው በየደጃፉና በየመንደሩ ባሕር ዛፍ ተክሏል። ከደምበጫ ጨሞጋ ምን ያህል ይርቃል? ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተለያየው የቆጠሩት ነገር ነው።

የሀንሰኑ ካርታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ ለእሱ ዛፍ ነው፣ የተተከለ ይሁን የበቀለ አይለይም። ከሰል አክሳዩ የቆረጠውም ቀይ ነው፣ የጥንት ጫካ የጨፈጨፈውም ቀይ ነው። አንዴ ቀይ የሆነ ፒክስል (የምስሉ አንድ ነጥብ) ደግሞ ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ቢቆረጥ ድጋሚ አይቆጠርም። በእሱ አትመስክር።

የአዲስ_ቅዳም_ሰው፦

እኔ የሳተላይቱን ነገር አላውቅም። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ብዙ ዓመት የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ስለ ዲከረንስ ግን ልንገርህ።

መሬቱ አሲዳማ ነው። ገብሱም ጤፉም እንደ ድሮው አልሰጥ አለ፣ ኖራ ደግሞ በሚፈለገው ጊዜና መጠን አይደርስም። ገበሬው ሞኝ አይደለም። ዲከረንሱን ከጤፉ ጋር አብሮ ይተክለዋል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳል። በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ ሣር ያጭድና ለከብቱ ይሰጣል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ዓመት ላይ ቆርጦ፣ እዚያው ማሳው ላይ ከምሮ፣ በሣርና በአፈር ደፍኖ ያከስለዋል። ቀንና ሌሊት ክምሩን ሲጠብቅ ያድራል፣ ቀዳዳ ከተከፈተ አመድ ነው የሚያገኘው። ከዚያ በማዳበሪያ ሞልቶ ለአይሱዙ ያስረክባል፣ አዲስ አበባ ቡና የምታፈሉበት ከሰል እሱ ነው። ማሳውን ያርስና እንደገና ጤፍና ችግኝ።

እንግዲህ ፍረዱ፣ ይሄ ደን ነው ወይስ እርሻ? ለእኔ እንደ ድንች ያለ ሰብል ነው፣ ብቻ እስኪደርስ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሽታ ገብቶበት ቅጠሉ እየቀላ ሲደርቅ አይተናል፣ ብዙ ሰው ሳይደርስ ለመቁረጥ ተገዷል። ያም ካርታህ ላይ የደን ውድመት ሆኖ ይወጣ ይሆናል።

የሰከላ_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ከአንድም ጽሑፍ ላይ እንዲህ አላገኘሁትም። ፒክስል_ቆጣሪ አንተንም። አሁን ጥያቄዬ እንዴት ልለያቸው የሚለው ነው። በጸጥታው ምክንያት ጂፒኤስ ይዤ ሁሉም ቦታ መዞር አልቻልኩም።

ሜሪ_ጂአይኤስ፦

ሦስት ምስል ብቻ ይዘህ አትለያቸውም። በተናጠል ቀን ካየሃቸው የአራት ዓመት ዲከረንስና የቤተክርስቲያን ደን በላንድሳት ወንድማማች ናቸው። ዓመቱን በሙሉ ሳይሆን፣ በየዓመቱ የጥርና የየካቲትን ምስል ሰብስብና የአንድ ነጥብ ኤንዲቪአይ (የአረንጓዴነት መለኪያ) መስመር አውጣ። የተፈጥሮ ደን መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ከ1986 ጀምሮ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ዲከረንሱ የመጋዝ ጥርስ ነው፣ ይወጣ ይወጣና በየአራት አምስት ዓመቱ ዘጭ ይላል። ባሕር ዛፍም ይቆረጣል ግን ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ቶሎ ይመለሳል፣ መሬቱም አይታረስም። ላንድትሬንደር የሚባለው መሣሪያ ይሄንኑ ይሠራልሃል፣ ኧርዝ ኢንጅን ላይ አለ። ግን እባክህ መጀመሪያ ሃያ ሠላሳ ነጥብ በእጅህ እያወጣህ በዓይንህ እይ።

መስክ መውጣት ካልቻልክ ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስሎችን ወደ ኋላ እየመለስክ ተመልከት። የተተከለ ዛፍ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ማሳ። የቤተክርስቲያን ደን ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ ጣሪያው ያብለጨልጫል፣ አናቱ ደግሞ እንደ አበባ ጎመን ጉብ ጉብ ያለ ነው። ተጠንቀቅ፣ ብዙ ቦታ በዙሪያው ለገቢ ተብሎ ባሕር ዛፍ ተተክሏል፣ ደኑ የሰፋ ይመስልሃል፣ የጥንቱ ግን ከውስጥ እየሳሳ ሊሆን ይችላል።

ስፋትም አስብ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ካልን፣ በላንድሳት ሦስት ፒክስል አይሞላም። ፒክስሉ በሚያንሰው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ሃያ አምስት ነው። እሱ ግን ከ2015 ወዲህ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ለቅርቡ ዘመን ተጠቀምበት።

ስለ 90 በመቶህ ደግሞ ላስደንግጥህ። ከተፋሰሱ 5 በመቶው ደን ነው እንበል፣ ሞዴልህም አንድም ደን ሳይስት አገኘው። ከቀረው 95 በመቶ ውስጥ 2 በመቶውን ብቻ በስህተት ደን ቢለው፣ ካርታህ ላይ ደኑ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል፣ ከዚያ ውስጥ ከሩብ በላይ የሚሆነው ማሳ ነው። ትክክለኛነትህ ግን 98 በመቶ ይልሃል! ፒክስል ቆጥረህ በሄክታር አታባዛ። በናሙና ነጥቦች ስፋቱን ገምትና የስህተት ወሰኑን አብረህ ጻፍ።

ጎጃሜው፦

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዛፍ ዛፍ ነው፣ ግልገል አባይ የሚገባበት ጣና በደለል እየሞላ ነው እየተባለ ስለ ስሙ ምን ያጨቃጭቃችኋል? የአገሪቱ የደን ትርጉም ራሱ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ነው የሚለው። ዲከረንሱ በሁለት ዓመቱ ያልፈዋል። በሕግ ደን ነው፣ አለቀ።

ፒክስል_ቆጣሪ፦

በትርጉሙ ልክ ነህ፣ ቴሲሱም ያንን ትርጉም መጥቀስ አለበት። ግን ለደለል ከሆነ የምትጨነቀው ዛፍ መኖሩ ብቻ አይበቃህም፣ ከሥሩ ምን አለ የሚለው ነው። የባሕር ዛፉ ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ከሥሩ ባዶ አፈር ከቀረ፣ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ምን ያስቀረዋል? ዲከረንስ ደግሞ ተቆርጦ በሚታረስበት ዓመት እንደማንኛውም ማሳ ነው። ሌላው ቀርቶ በደኑ ውስጥ ይኖሩ የነበሩትን ወፍና ዝንጀሮ ጠይቃቸው።

የአዲስ_ቅዳም_ሰው፦

ሰውም ጠይቅ፣ ስልክ ይበቃል። ግን አዛውንት ስትጠይቅ በዓመተ ምሕረት አትጠይቅ፣ ይጠፋቸዋል። «ደርግ ሲወድቅ ጫካው ነበር ወይ? ከመሬት ድልድሉ በፊት ነው የተመነጠረው ወይስ በኋላ?» በል። ድልድሉ 1989 ዓ.ም. ነው፣ ማንም አይረሳውም፣ መሬት የተወሰደበትም የተሰጠውም።

የሰከላ_ልጅ፦

ሦስት ቀን ጠፍቼ ተመለስኩ። ሜሪ፣ እንዳልሽው ነጥብ በነጥብ አወጣሁ። የእኛ ደብር ደን መስመሩ እንደ ጠረጴዛ ነው። ከዚያ ፋግታ ያለውን የአጎቴን ማሳ ፈልጌ አገኘሁት። ኤንዲቪአዩ ሦስት ጊዜ ዘጭ ብሏል።

ደወልኩለት። «አጎቴ፣ ያንን ከወንዙ በላይ ያለውን ዲከረንስ ስንቴ ነው የቆረጥከው?» አልኩት። «ሦስቴ» አለኝ። የመጨረሻው ገና ሳይደርስ፣ በበሽታው ምክንያት። እኔም ግራፉ ላይ ሦስተኛው ጥርስ ለምን እንዳጠረ ያኔ ገባኝና «እሱንማ እዚህ አየሁት» አልኩት ሳላስበው።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ማን ነው ያሳየህ? ግብር ሊጨምሩብን ነው እንዴ?»