ነሐሴ ላይ ናይሮቢ፦ ፓርኩ፣ ዝሆኖቹና ቀጭኔዎቹ በአንድ ቅዳሜ ይዳረሳሉ?

ጥያቄ፦ የራስ መኮንን ድልድይዋ
ሰላም ለቤቱ። የፒያሳና የአራት ኪሎ ልጆች ነን፣ ስድስት። በነሐሴ መጀመሪያ አርብ ማታ ናይሮቢ ገብተን እሁድ ረፋድ ላይ እንመለሳለን፤ ሙሉ ቀን ያለን ቅዳሜ ብቻ ነው። ብሔራዊ ፓርኩን፣ የዝሆን ግልገሎቹን፣ የቀጭኔ ማዕከሉንና የማሳይ ገበያን ማዳረስ ይቻላል? ሁለት ታክሲ ይሻላል ወይስ አንድ መኪና? ከመሀላችን ሁለቱ ፍልሰታን ይጾማሉ፣ ምን ይብሉ? ከዚህ ሳንነሣ መጨረስ ያለብንንም ጠቁሙን።

መልስ፦ ባለ ካርታው
ሦስቱ ይዳረሳሉ፤ ገበያው መንገዱ ከቀናችሁ ነው። ቀኑን የሚወስነው የዝሆኖቹ ሰዓት ነው። የሼልድሪክ የዝሆን ማሳደጊያ ለጎብኚ የሚከፈተው ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ግልገሎቹ ጡጦ የሚጠቡትና ጭቃ ላይ የሚንከባለሉት ያኔ ነው። ቦታ በኢንተርኔት አስቀድሞ ይያዛል። ነሐሴ የአውሮፓ ተማሪዎች እረፍት ስለሆነ ቅዳሜው ቶሎ ይሞላል፤ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን እዩ።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የፓርኩ በር ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ሲከፈት በሩ ላይ ሁኑ። ፀሐይ ከበረታ በኋላ አንበሳ ሣር ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ወዲያ የምታዩት ሣሩን ነው። ፓርኩ 117 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። 3፡30 ካለፈ ሌላ መንገድ እንሞክር አትበሉ፤ ቢዘገይ 4 ሰዓት ላይ ከፓርኩ ውጡ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ወደ ዝሆኖቹ የሚገባው በማጋዲ መንገድ በኩል ባለው በር ነው፣ በላንጋታ መንገድ ባለው ዋናው በር አይደለም። ፓርኩ ውስጥ ዝሆን ስትፈልጉ ጊዜ እንዳታባክኑ፣ የለም። ጥቁር አውራሪስ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔና አንበሳ ነው ያለው።

ከ6 ሰዓት በኋላ ወደ ቀጭኔ ማዕከል። ቅርብ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከፍ ካለው ሰገነት ላይ መኖ በእጅ ይሰጣል። መኖው ሲያልቅ ቀጭኔዋ በጭንቅላቷ ልትማታ ስለምትችል ባዶ እጃችሁን ፊቷ ቆማችሁ ፎቶ አትነሡ።

መልስ፦ ሻንጣ ቀላል
ታክሲ ለፓርክ አይሆንም። ዝቅ ስለሚል ሣሩ ይጋርዳችኋል። እኛ ሃይሩፍ የምንለው ዓይነት ሚኒባስ ሆኖ ጣራው ወደ ላይ የሚነሣ፣ ቆሞ የሚታይበት አለ፤ ስድስት ሰው ሁሉም መስኮት ያገኛል። ዋጋ ስትነጋገሩ የመኪናው መግቢያ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያና የማቆሚያው ሒሳብ ይጨመር አይጨመር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማታ ላይ ጭቅጭቅ የሚነሣው በእነዚህ ነው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ስዋሂሊ የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው፤ «ሳ ሲታ» ማለት 6 ሰዓት፣ ቀትር ማለት ነው። ያው ሾፌር በእንግሊዝኛ «ሲክስ» ካለ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው። በጽሑፍ ተለዋወጡ።

የፓርኩ መግቢያ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ ኢሲቲዝን በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ፣ በካርድ ወይም በኤም-ፔሳ ነው። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች «የምሥራቅ አፍሪካ ዜጋ» የሚለውን ርካሽ ዋጋ አትምረጡ፣ በር ላይ ፓስፖርት ይታያል። የዚህ አገሩ ኤም-ፔሳችሁ በብር ስለሆነ እዚያ ሱቅ ይከፍልልኛል ብላችሁ አትተማመኑበት። አየር ማረፊያው ላይ አንዳችሁ በፓስፖርት የኬንያ ሲም አውጥታችሁ ኤም-ፔሳ አስከፍቱ፣ ለስድስቱም አንድ ይበቃል።

መልስ፦ ባለ ቢጫ ካርድ
ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም። የቢጫ ወባ ካርድ ግን ያዙ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በበረራው ሳምንት መሮጥ አያዋጣም። ቀድሞ የተከተበ ካርዱን ይፈልግ፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ፌስታል ሻንጣ ውስጥ አትጠቅልሉ፣ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሃይላንድ ይዞ ፓርክ መግባት አይቻልም፤ በየግላችሁ የሚሞላ ኮዳ ያዙ። ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የእኛ ሶኬት አይገባም። ዶላር በትኬትና በፓስፖርት ከባንክ ስትገዙ አዳዲስና ትልልቅ ኖት ጠይቁ፣ ያረጀና ትንንሽ ኖት እዚያ ዝቅ ባለ ዋጋ ይመነዘራል። ብር ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም።

ጃኬት አትርሱ። እዚህ ዝናቡ ሲያወርደው እዚያ ወሩ ደረቅ ነው፣ ጠዋቱ ግን ደመናማና ብርዳም ነው። ደረቅ መሆኑም ጥሩ ነው፤ የፓርኩ መሬት ዋልካ ስለሆነ ሲዘንብ መኪና ይይዛል።

መልስ፦ የሽሮ ወዳጅ
ምሳ፦ ኛማ ቾማ፣ ማለት ጥብሱ፣ በኪሎ ነው የሚታዘዘው። አጥንቱን ጨምሮ ለሰው ግማሽ ኪሎ አስቡ፣ ለአራት ሰው 2 ኪሎ። አንድ ሰዓት ያህል ስለሚያቆይ ከቀጭኔ ማዕከሉ ሳትወጡ ሾፌሩ ደውሎ ይዘዝላችሁ። ጿሚዎቹ ኡጋሊ ከሱኩማ ዊኪ ጋር ይብሉ፤ የመጀመሪያው በውኃ የተገነፋ የበቆሎ ዱቄት፣ ሁለተኛው ጎመን ነው። ጎመኑ ወተት ወይም የሥጋ መረቅ ሊገባበት ስለሚችል «ቢላ ኛማ፣ ቢላ ማዚዋ» በሉ፣ ያለ ሥጋ ያለ ወተት ማለት ነው። ጊቴሪም (በቆሎና ቦሎቄ ነገር፣ ንፍሮ በሉት) ይሆናቸዋል። ቻፓቲ ላይ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ቤት ቅቤ ይቀባዋል።

ፓርኩ ውስጥ ስንቅ ከመኪና ስታወጡ ዝንጀሮ አለ። ከረጢቱን ከነምሳው ይዞ ነው የሚሄደው።

የማሳይ ገበያ በየቀኑ ቦታ ይቀያይራል፣ የቅዳሜውን ሾፌሩን ጠይቁ። ከ10 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ ተዉት፤ ጀምበር 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች፣ ነጋዴው ቀድሞ ይጠቀልላል። መጀመሪያ የሚጠሩላችሁን ዋጋ በግማሽ ጀምሩ፣ መርካቶን የለመደ አይቸገርም።

ጥያቄ፦ የራስ መኮንን ድልድይዋ
እግዜር ይስጥልኝ። የዝሆኖቹ ቦታ ሞልቶ ብናገኘውስ?

መልስ፦ ባለ ካርታው
እንግዲያው ፓርኩ ውስጥ እስከ 5 ሰዓት ቆዩ። ስትወጡ እዚያው ዋናው በር አጠገብ ሳፋሪ ዎክ አለ፣ ከፍ ባለ የእንጨት መተላለፊያ ላይ በእግር እየሄዳችሁ እንስሳቱን በየአጥራቸው ታያላችሁ። መግቢያው ከፓርኩ የተለየ ስለሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ክፈሉ። የማሳደጊያውን ቦታ ግን እስክትሄዱ በየጠዋቱ በኢንተርኔት ተመልከቱት፣ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም።